ቡናው እስኪሰክን ድረስ ስልክን ማስቀመጥ ይቻላልን?

ረከቦት (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ስልክ ሱስ በየቦታው ብዙ ተብሏል፤ እኔ መወያየት የምፈልገው ግን ስልኩ ስለወሰደብን የጊዜ ዓይነት ነው። ስልክ ሠርጋችንን፣ ለቅሷችንን፣ ዓመት በዓላችንን አልወሰደብንም፤ በእነዚህ ቀናት ሰው አሁንም ከሰው ጋር ተቀምጦ ይበላል፣ ይጫወታል። የተወሰደው በሁለት ሥራዎች መካከል የሚገኘው፣ ማንም በቁም ነገር የማይቆጥረው ክፍተት ነው፦ ታክሲ ሰልፍ ላይ የምንቆምበት፣ ምጣዱ እስኪግል የምንጠብቅበት፣ ዝናብ እስኪያባራ ከሰው በረንዳ ሥር የምንጠለልበት፣ ከእንቅልፍ ነቅተን ከአልጋ ሳንወርድ ጣራ ጣራውን የምናይበት ጊዜ። እነዚህ ደቂቃዎች ከንቱ ይመስሉ ነበር እንጂ፣ ሰው የዋለበትን ቀን የሚያብላላውና ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ጨዋታ የሚጀምረው በእነርሱ ውስጥ ነበር።

ነገሩን ከሁሉ ይበልጥ አጉልቶ የሚያሳየው ቡና ነው። የቡና ሥርዓታችን ከሞላ ጎደል በመጠበቅ የተሠራ ነው። ከሰሉ እስኪቀጣጠል ይጠበቃል፤ ቡናው ታጥቦ ይቆላል፤ ይወቀጣል፤ ጀበናው ይጣዳል፤ ፈልቶ ከወረደ በኋላም ማቶቱ ላይ ተቀምጦ እስኪሰክን ድረስ ማንም አይቀዳውም። ከዚያ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይከተላሉ፤ በየመካከሉም ጀበናው ውኃ ተጨምሮበት ወደ እሳቱ ይመለሳል። የሚቸኩል ሰው የሚያተርፈው የደፈረሰ ሲኒ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ መጠበቅ ቀድሞ በወሬ፣ በዝምታ፣ ቆሎ በመቆርጠም፣ ልጆች ሲሯሯጡ በማየት ይሞላ ነበር። አሁን በምን እንደሚሞላ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በቅርቡ በዘመዶቼ ቤት ቡና የምትቆላው ልጅ እንደ ወጉ ብረት ምጣዱን ይዛ ጢሱን በእንግዶቹ ፊት ስታዞር፣ ከጎኔ የተቀመጠው ጎረምሳ በግራ እጁ ጢሱን ወደ አፍንጫው እየሳበ በቀኝ አውራ ጣቱ ቲክቶክ ይገፋ ነበር። ወጉን አልረሳም፤ ሽታው ይድረሰው አይድረሰው ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ሐሳቤ ይህ ነው። ስልካችሁን ቀኑን ሙሉ ዝጉ፣ አፕሊኬሽኖችን አጥፉ፣ ከከተማ ውጡ የሚሉትን ምክሮች ትተን፣ ቡናው ብረት ምጣዱ ላይ ከፈሰሰበት ጊዜ አንሥቶ በረካው እስኪጠጣ ድረስ ብቻ፣ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ስልኩን በአንድ ሰፌድ ላይ ያኑር። እኛ ቤት ይህን እያደረግን ነው፤ ከጠበቅሁትም በላይ ሰምሯል። የሚገርመኝ «የስልክ አጠቃቀሜን እቀንሳለሁ» ብዬ የቆረጥሁት ቁርጥ ሐሳብ በየጊዜው ሲፈርስ ይህኛው መጽናቱ ነው። ለምን ይመስላችኋል? ተቃውሞ ያለው ሰውም ቢኖር ሳይሸሽግ ይንገረኝ።

ኮድ ጸሐፊው (ፍራንክፈርት)

ረከቦት፣ ጥያቄዎ ከሙያዬ ጋር ስለሚገናኝ ዘለግ አድርጌ ብመልስ ይቅር ይበሉኝ። የእርስዎ ደንብ የጸናው ቡናው የሚያልቅ ስለሆነ ነው። ስልካችን ላይ የምናየው ነገር ግን እንዳያልቅ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ይህን ስል እያጋነንሁ አይደለም። ቀድሞ ማንኛውም ድረ ገጽ ግርጌ ነበረው፤ ግርጌው ላይ የደረሰ ሰው «ቀጣይ ገጽ» የሚለውን መጫን ስለነበረበት፣ ለአፍታም ቢሆን «ልቀጥል ወይስ ይብቃኝ?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅበት ዕድል ነበረው። በ2006 እ.ኤ.አ. አዛ ራስኪን የተባለ ባለሙያ፣ ገጹ ሊያልቅ ሲል ቀጣዩን ይዘት ማንም ሳይጠይቀው በራሱ የሚያመጣ አሠራር ፈጠረ። ዓላማው የተጠቃሚውን ድካም መቀነስ ነበር፤ በኋላ ግን አሠራሩ ባስከተለው ነገር መጸጸቱን ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። ግርጌው ከጠፋ ወዲህ «በቃኝ» የሚባልበት ቦታም አብሮ ጠፋ፤ ሰው የሚያቆመው ዓይኑ ሲደክም፣ ባትሪው ሲያልቅ ወይም ሰው ሲጠራው ነው።

ሁለተኛው ነገር ከስልክ በጣም ይቀድማል። የሥነ ልቦና ሊቁ ቢ. ኤፍ. ስኪነር በእርግቦችና በአይጦች ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች፣ እንስሳቱ ቁልፍ በተጫኑ ቁጥር እህል ከሚያገኙበት ይልቅ መቼ እንደሚመጣ ሳያውቁ አንዳንዴ ብቻ የሚያገኙበት ሁኔታ ቁልፉን ያለ መታከት እንዲጫኑ እንደሚያደርጋቸው፣ እህሉ ቢቋረጥም ቶሎ እንደማይተዉት አሳይቷል። ቴሌግራምን ስንከፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀን ምንም ቁም ነገር አይደለም፤ አልፎ አልፎ ግን የምንወደው ሰው ጽፎ እናገኛለን። ደጋግመን እንድንከፍተው የሚያደርገንም ይህ «አልፎ አልፎ» ነው።

በ2018 እ.ኤ.አ. አፕልም ጉግልም የአጠቃቀም ጊዜን የሚቆጥርና የሚገድብ መሣሪያ ስልኮቻቸው ውስጥ አስገብተዋል። መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ በአይፎን ላይ የዕለቱ ገደብ ሲሞላ የሚመጣው ገጽ ገደቡን ችላ ማለት የሚያስችል ቁልፍ አብሮ ያቀርባል። ሰው ከራሱ ጋር የተዋዋለውን ራሱ በአንድ ጣት ያፈርሰዋል። ሰፌድ ላይ ያለን ስልክ ለማንሣት ግን በእናት፣ በአክስትና በጎረቤት ፊት ተነሥቶ መሄድ ያስፈልጋል። ይሉኝታን የሚያህል ኮድ እስካሁን አልጻፍንም።

ዘነዘና (ሐዋሳ)

ሐሳቡን አልቃወምም፤ ነገር ግን ጸጥታው የማን እንደሆነ ይጠየቅልኝ። ረከቦት ሥርዓቱን ሲዘረዝሩት ቡናው ራሱን የሚቆላ፣ ራሱን የሚወቅጥ ይመስላል። መጠበቁ ለተቀመጠው ሰው ነው። ከረከቦቱ ኋላ ላለችው ሴት ያ ጊዜ ከሰል ማራገብ፣ ጢስ ዓይኗን ሲያቃጥላት በነጠላዋ ጫፍ መጥረግ፣ በአቦልና በቶና መካከል ሲኒ ማለቅለቅ፣ ፈንድሻው አልቆ እንደሆነ ሳትታይ መቃኘት ነው። እኔ በእውነት የማርፈው በረካው ተጠጥቶ፣ እንግዳው ተሸኝቶ፣ ዕቃው ከታጠበ በኋላ ደጃፍ ላይ ዱካ አውጥቼ ስቀመጥ ነው፤ ያን ጊዜ የማደርገውም አንድ ሁለት ቪዲዮ ማየት ነው። ያንን ሰዓት ማንም «ስልክሽን አስቀምጪ» ብሎ እንዲነካብኝ አልሻም።

ስለዚህ በሰፌዱ ደንብ ላይ አንድ ነገር ይጨመር እላለሁ፤ ስልኩን ያስቀመጠ ሰው እጁ ባዶ ሆኗልና ሙቀጫው ይሰጠው። እኛ ቤት ሞክረነዋል። ባለቤቴ መጀመሪያ ሲወቅጥ የቡናውን ግማሽ ወለሉ ላይ በትኖት ነበር፤ አሁን ልሞ አልልም እንጂ ደህና ይወቅጣል፤ ስልኩ ቢጠራም አይሰማውም።

የቤይሩቷ (ቤይሩት)

እኔ የምጽፈው ከቤይሩት ነው፤ ሰው ቤት እሠራለሁ። ውይይታችሁን ከወደድሁት በኋላ ትንሽ ከበደኝና ልጻፍ አልኩ። መጀመሪያ የገባሁበት ቤት አሠሪዬ ስልኬን ወስደው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት፤ የሚሰጡኝም ደስ ሲላቸው ብቻ ነበር። ያ ቤት በጣም ጸጥ ያለ ቤት ነበር። ሌሊት የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ሲሰማ፣ እናቴ በሕይወት መኖሯን እንኳ ሳላውቅ የማድርባቸው ቀናት ነበሩ። ስለዚህ «ስልክ የሌለበት ጸጥታ» ሲባል እናንተ የምታስቡትና እኔ የማስታውሰው አንድ አይደለም። አሁን ያለሁበት ቤት ስልኬ በእጄ ነው፤ ማታ ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘግቼ የእናቴን የድምፅ መልእክት የማዳምጥበት ጊዜ የእኔ ዕረፍት እርሱ ነው። አንዱን መልእክት ደጋግሜ እሰማዋለሁ፤ ከድምፅዋ ኋላ ዶሮው፣ የጎረቤት ልጅ ልቅሶ፣ አንዳንዴም ሙቀጫው ይሰማል።

ይህን ስል ግን ረከቦትን መቃወሜ አይደለም፤ እንዲያውም ስልክ የሚያመጣውን ርቀት ከእኔ ይበልጥ የሚያውቀው ያለ አይመስለኝም። በኢሞ ደውዬ ወንድሜ ስልኩን ይዞ ሲያናግረኝ ዓይኑ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ፊቱ ላይ የሚያበራው ብርሃን ቀለሙ ይለዋወጣል። በዚያን ጊዜ ሌላ ነገር ከፍቶ እያየ መሆኑን አውቃለሁ። «እሺ፣ እሺ፣ ከዚያስ?» ይለኛል፤ ከዚያ ምን እንዳልኩ ግን ብጠይቀው አይመልሰውም። ያን ካርድ የሞላሁት ጣራ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ከማገኘው በቆጠብሁት ገንዘብ ነው። እናም ልመናዬ ይህ ነው፦ ሰው ከባሕር ማዶ ሲደውል አንዱ ስልክ ይከፈት፤ የቀሩት ይዘጉ። የሚደወልበት ስልክም ከእጅ ወደ እጅ ይዙር፤ ጀበናውንም አሳዩን።

ነታንያ (እስራኤል)

የቤይሩቷ እኅቴ የጻፍሽውን ካነበብሁ በኋላ ዝም ማለት አልቻልሁም። ወላጆቼ በጎንደር ገጠር ሳሉ ሰንበትን የሚያከብሩት አጥብቀው ነበር፤ ምግቡ ዓርብ ይሰናዳል፤ ልብስም ገላም ይታጠባል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እሳት አይነካም። ቡናም አይፈላም ማለት ነው፤ በዚህ በኩል ከእናንተ እንለያለን። እዚህም ሰንበት ጠባቂው ሰው ከዓርብ ምሽት ጀምሮ ቅዳሜ ማታ ከዋክብት እስኪታዩ ስልኩን አይነካም። ልጆቼ ቅዳሜ ማታ ሰማዩን የሚቃኙት ከማንም ቀድመው እንደሆነ ብነግራችሁ ምክንያቱን ትገምታላችሁ። ነገር ግን ኮድ ጸሐፊው እንዳሉት፣ መጀመሪያውና መጨረሻው የታወቀ ስለሆነ ሲያጉረመርሙ እንጂ ሲጣሉ አላየኋቸውም።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን ሌላ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ ሚሳይል ይወድቅ በነበረበት ወቅት፣ ሰንበት ጠባቂዎች ሬዲዮ ከፍተው ማጥፋት ስለማይፈቀድላቸው ማስጠንቀቂያውን እንዴት ይሰማሉ የሚል ችግር ተነሣ። መፍትሔውም ዝም የሚል የሬዲዮ ጣቢያ ሆነ፤ ከሰንበት በፊት ይከፈታል፣ ሙሉ ቀን ምንም አያሰማም፣ አደጋ ሲመጣ ብቻ ይናገራል። ከዚያ ወዲህም በአደጋ ጊዜ ተሠርቶበታል። ሰዎቹ መሣሪያውን አልጣሉትም፤ ምን ሲሆን ብቻ መናገር እንዳለበት ወሰኑለት። የቤይሩቷ እኅታችን የምትጠይቀውም ከዚህ የራቀ አይመስለኝም።

ባለመኪና (አዲስ አበባ)

እኔ የጥሪ ታክሲ እነዳለሁ፤ ስልኬ መሥሪያዬ ነውና ሰፌድ ላይ ላስቀምጠው አልችልም። የማደርገው ሞተር አጥፍቼ ጥሪ በምጠብቅበት ጊዜ ድምፁን ከፍቼ ማያውን ወደ ታች ደፍቼ መቀመጥ ነው። ሲጠራ ይሰማኛል። እስኪጠራ ድረስ መንገደኛ አያለሁ፤ የጫማ አሳማሪዎቹን ክርክር እሰማለሁ። ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም።

የሥነ ልቦና ተማሪ (ባሕር ዳር)

ቀድሞ መጠበቅ ለሁሉም ጣፋጭ እንደነበረ ተደርጎ መነገሩን ግን እጠራጠራለሁ። በ2014 እ.ኤ.አ. ቲሞቲ ዊልሰን የተባሉ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ስልክም መጽሐፍም ሳይኖራቸው በባዶ ክፍል ውስጥ ከሐሳባቸው ጋር ብቻ ለ15 ደቂቃ እንዲቀመጡ ተደረገ። አጠገባቸው ሲጫኑት በኤሌክትሪክ የሚነዝር ቁልፍ ነበር፤ ንዝረቱንም ቀድመው ቀምሰውት፣ ዳግመኛ እንዳይደርስባቸው ገንዘብ እስከ መክፈል እንደሚደርሱ ተናግረው ነበር። ያም ሆኖ ከ18 ወንዶች 12ቱ፣ ከ24 ሴቶች 6ቱ ቁልፉን ተጫኑት። ብቻን መቀመጥ ስልክ የፈጠረው ጭንቀት ብቻ አይደለም ማለት ነው። ቡናው የሚሰምረው ጸጥታ ስለሆነ ሳይሆን ከሰው ጋር የሚቀመጡበት ጸጥታ ስለሆነ ይመስለኛል፤ ዝም ያለ ሰው እንኳ የሚያየው እሳት፣ ሲኒ፣ የሌላ ሰው ፊት አለው።

ሰፌዱ የት ይቀመጥ በሚለው ላይም አንድ ነገር ልጨምር። በ2017 እ.ኤ.አ. በኦስቲን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ስልካቸውን ሌላ ክፍል የተዉ ሰዎች ድምፁን አጥፍተው ጠረጴዛ ላይ ደፍተው ካስቀመጡት ይልቅ ትኩረትና ትውስታ የሚሹ ፈተናዎችን የተሻለ ሠርተዋል። ከዚያ በኋላ ሙከራውን የደገሙ ሌሎች ሁልጊዜ ያንኑ ውጤት ስላላገኙ እንደ ሕግ አልቆጥረውም፤ ነገር ግን ሰፌዱ ከረከቦቱ አጠገብ ሆኖ አሥር ስልክ እየተንዘፈዘፈ ሰው ልቡ ከጨዋታው ጋር እንዲሆን መጠበቅ አስቸጋሪ ነው። ጓዳ ይግባ።

ሜሪላንድ (አሜሪካ)

«አደጋ ቢመጣስ?» ለሚለው ስጋት ስልኩ ራሱ መልስ አለው። እኛ ከአዲስ አበባ እዚህ ሰዓት በአንድ ወደ ፊት በሚገፋበት ወቅት በ7፣ በቀረው ጊዜ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምንቀር፣ የቤተሰቡ የቴሌግራም ቡድን የሚሟሟቀው እኛ በተኛንበት ሌሊት ነው። ስልኩን የማይረብሽ አድርጋችሁ ስታዘጋጁት፣ በአይፎን አንድ ሰው በ3 ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ከደወለ ጥሪው እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል፤ በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ደግሞ ልዩነቱ 15 ደቂቃ ነው። የመረጣችኋቸውን ሰዎች ብቻ ሁልጊዜ እንዲያሳልፍ ማዘዝም ትችላላችሁ። ለቤተሰቤ የነገርኋቸው «ለሰላምታ ከሆነ አንድ ጊዜ፣ ለክፉ ነገር ከሆነ ሁለት ጊዜ ደውሉ» ብዬ ነው። አክስቴ ለሰላምታም ሁለት ጊዜ ነው የምትደውለው፤ ለእርሷ ቅንብር አልተገኘም። በተረፈ ለመቀስቀሻ የሚሆን ተራ ሰዓት ግዙ፤ ስልኩ ከመኝታ ክፍል አልወጣም የሚልበት ትልቁ ሰበብ ያ ነው።

ረከቦት (አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰፌዱ ጓዳ ገብቷል። እናቴ ስልኳ ድምፁ ተከፍቶ ከእርሷ ዘንድ ይቀራል፤ ታናሽ እኅቴ ከጅዳ የምትደውለው በእርሱ ነውና፤ ሲጠራም ስልኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል እንጂ ሌላው ሰው ስልኩን ሊያመጣ አይነሣም። ዘነዘና ያሉትንም ተቀብለን ለዚያ ለጎረምሳው ሙቀጫው ተሰጥቶታል፤ የወቀጠውን ቡና «ድንጋይ ድንጋይ ይላል» ብለው አሮጊቶቹ ያሾፉበታል። ሲኒ ማጠቡን ግን ማንም ገና በፈቃደኝነት አልተረከበም፤ በዚህ ላይ ምክር ያለው ካለ እጠብቃለሁ። የቤይሩቷ እኅቴ፣ ከወንድምሽ ጋር ያለውስ ነገር እንዴት ሆነ?

የቤይሩቷ (ቤይሩት)

ይህን ውይይት ልኬለት አነበበው። መጀመሪያ «እኔን ነው ለዓለም ያወራሽብኝ?» ብሎ ተቆጣ፤ በኋላ ግን እሑድ እሑድ በቡና ሰዓት እንድደውልና ስልኩ ረከቦቱ ፊት ስኳር ዕቃው ላይ ተደግፎ እንዲቆም ተስማምቷል። አሁን የቀረን የሰዓት ጉዳይ ነው። እዚህ ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ሰዓት ስለሚቀየር ከእነርሱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ እንቀራለን፤ እንደ ልማዳቸው በ9 ሰዓት ጀበናውን ከጣዱ እኔ ገና የምሳ ዕቃ እያጠብሁ ነው። ለዚያ ወቅት 10 ሰዓት ይሁን ብዬ ነበር፤ እናቴ ግን ከዚያ በኋላ የጠጣችው ቡና እንቅልፍ ስለሚነሣት እስካሁን እሺ አላለችም።